ውሃ የጠማው ድንጋይ

ሰው ሚስቱን እንዴት እንዳገባ ሲጠየቅ ስለ ሠርጉ ያወራል፤ ስለ ጠጁ፣ ስለ ሚዜዎቹ። እኔ ግን ስጠየቅ የማወራው ስለ ድንጋይ ነው። ታገሡኝ፣ አስካለ ዘንድ እንደርሳለን። እሷም ብትጠየቅ ያለ ድንጋዩ እንደማንጋባ አትክድም፤ ትንሽ አጣማ ትናገረዋለች እንጂ።

ያን ጊዜ ጎባ ከተማ አይደለችም፣ የጦር ሰፈር ናት። ከሸዋ የመጣው ጦር ከተራራው ሥር ድንኳኑን ነቅሎ የጥድ ጎጆ መሥራት የጀመረበት ጊዜ ነው። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ውርጭ። ወታደሩ ጠመንጃውን አንግቶ ሲመጣ እኔ ከጓዙ ኋላ መዶሻና መሮዬን በአቁማዳ ተሸክሜ መጣሁ። አገሬ ቡልጋ ነው፣ ስሜ በየነ። አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። እኔ በዚያ ላይ አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከአንድ የጎንደር ሰው ኖራ ማቃጠል ተምሬያለሁ። ዛሬ ጎባ መጥታችሁ "በየነ ኖራው" ብትሉ ማንም ቤቴን ያሳያችኋል። ያኔ ግን "ያ ጠይብ" ነበር የምባለው።

የዛሬ ወጣት ጠይብ መባል ምን እንደነበር ላይገባው ይችላል። እጃችንን ይፈልጉታል፣ እኛን ይሸሹናል ማለት ነው። ለአንዱ ድንጋይ ጠርበህ ደጃፉን ታሳምርለታለህ፤ በዚያው ደጃፍ ስታልፍ ዓይኑ ቡዳ ነው ብሎ ልጁን በነጠላ ይሸፍንብሃል። እሳት የሚነካ ሥራ የሚሠራ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። እኔ ለምጄው ነበር። አስካለን እስካይ ድረስ ለምጄው ነበር።

አስካለ የቄሰ ገበዝ ወልደ ሰንበት ልጅ ናት። አዲሱን ቤተ ክርስቲያን የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ እሷ ለሠራተኛው በገንቦ ውሃ ታመላልሳለች። እኔ ድንጋይ ሳገላብጥ አናግረዋለሁ፣ የአባቴ ልማድ ነው። አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ ስትሰማኝ ቆይታ፣

"ዛሬስ ምን አለህ?" አለችኝ።

"ውሃ ጠማኝ አለ።"

ለእኔ የቀዳችውን ውሃ ድንጋዩ ላይ አፍስሳ ሄደች። ጥሜን ይዤ ቀረሁ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ልቤ ሥራዬ ላይ አልሆነም።

ሽማግሌ ላኩ። ቄሰ ገበዙ ሽማግሌዎቹን በደንብ አስተናግደው፣ "ልጄን እሳት ለሚነካ አልሰጥም" ብለው መለሱ። ሽማግሌዎቹ ግን ዋዛ አልነበሩም። ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደጅ ጠኑ። በመጨረሻ ቄሰ ገበዙ ተሰላችተው ይሁን አዝነው አላውቅም፣ እንዲህ አሉ፦ "የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጭቃ ነው። ኖራ አውቃለሁ ይላል አይደል? ለቅዳሴ ቤቱ ነጭ አድርጎ ያድርስልኝና ያን ጊዜ ነገሩን አየዋለሁ። ካላደረሰ ከጦሩ አለቃ ከፊታውራሪው ቤት አንድ ነፍጠኛ ጠይቆኛል፣ ለሱ እሰጣለሁ።"

ቅዳሴ ቤት ማለት አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተባርኮ ታቦቱ የሚገባበት በዓል ነው። ቀኑ ተቆርጧል፣ ሩቅም አልነበረም።

የጎባ ድንጋይ አብዛኛው ጥቁር ነው፤ ከባድ፣ መዶሻ የሚመልስ። ከወንዙ ዳር ግን ነጭ ድንጋይ አገኘሁ። በመሮ ስነካው እንደ ዱባ ይቆረጣል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ጎንደሬው ጌታዬ፣ "ሎሚ ሳትጨምቅበት ነጭ ድንጋይ አትመን፤ የኖራ ድንጋይ ሎሚ ሲነካው አረፋ ያወጣል" ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ጎባ ላይ ሎሚ ከየት ይመጣል? አገሩ ደጋ ነው፣ የሚያበቅለው ገብስ ነው። ሎሚ ፍለጋ ቆላ ብወርድ ቀኑ ያልፍብኛል ብዬ እቶን ሠራሁ፣ ጥድ ማገድኩ፣ ድንጋዩን አቃጠልኩት። ነጭ ሆኖ ገባ፣ ቀላ ብሎ ወጣ። ሰው ተሰብስቦ ሳለ ውሃ ባፈስበት ጭቃ ሆነ። ያ አስካለን የጠየቀው ነፍጠኛ፣ "ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሲባል እሰማ ነበር፣ ዛሬ በዓይኔ አየሁት" አለና ሰፈሩን ሁሉ አሳቀው። እኔም ከንፈሬን ነክሼ አመዴን መዛቅ ጀመርኩ።

ሰዉ ሲበተን አንድ ሰው ቀረ። አደም ይባላል፣ ከጎሮ ወዲያ የሚኖር ጨው ነጋዴ ነው። አማርኛውን የለመደው ገበያ ለገበያ ሲዞር ነው። ጨው ይዞ ሲመጣ የፊታውራሪው ሰዎች አህዮቹን ለእንጨት ማመላለሻ ያዙበት፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አይጠየቅበትም። እሱም አገሩ መመለስ ስላልቻለ በየቀኑ እየመጣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አህዮቹን ያያል። ያን ዕለት የተቃጠለ ድንጋዬን አንስቶ በጣቱ ፈረፈረው።

"ይህ አመድ ነው" አለኝ። "የተራራው አመድ ነው፣ ረግቶ ድንጋይ መሰለ። አመድ ደግሞ ተመልሶ አይቃጠልም።"

"አንተ ስለ ኖራ ምን ታውቃለህ?"

"ድሬ ሼህ ሁሴን ሄደህ ታውቃለህ? ዱአ የምናደርግበት ቦታ ነው። ግድግዳው ከሩቅ ያበራል። የዚያ ድንጋይ ዘመድ ዌብ ወንዝ ገደል ላይ ሞልቷል።"

"ታሳየኛለህ?"

"መሬቱን ስትወስዱ አላስፈቀዳችሁም። ለድንጋዩ ታስፈቅዳለህ?" አለና ሳቀ። ሳቁ ግን የሆድ አልነበረም። እኔ አመዴን ዛቅኩ። እሱ ራሱ ቀጠለ፣ "አህዮቼን አስለቅቅልኝ፣ አሳይሃለሁ።"

ፊታውራሪው ዘንድ ቀርቤ አመለከትኩ። ከብዙ ማጉረምረም በኋላ ፈረዱ፤ አህዮቹ ኖራ ሊያመጡ ይሂዱ፣ ግድግዳው ከነጣ ለባለቤታቸው ይለቀቁ፣ ካልነጣ ወደ እንጨታቸው ይመለሱ። ለአደም ነገርኩት። "ቶሌ" አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። "እንግዲህ አንተም ለሚስት፣ እኔም ለአህያ እንጸልይ።"

የዛሬዋ ሮቤ ያለችበትን ሜዳ በጠዋት አቋርጠን ቁልቁል ወደ ጎሮ ያዝን። መንገዱን ሙሉ የማየው መሬት መሬቱን ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ከጎባ ጀምሮ አብሮን መጣ፣ እየሳሳ ሄደ፣ ከጎሮ ካለፍን በኋላ ጭራሽ ጠፋ። ግራሩ በዛ፣ ሙቀቱ ጋቢያችንን አስወለቀን። ከእግራችን ሥር ያለው አፈር ነጣ እያለ መጣ። አደም አንድ ዘመዱ ቤት ጎራ ብሎ ወተት አጠጣኝ፤ ስንወጣ ሦስት ሎሚ በእጄ አስያዘኝ። ሎሚ እንደሚያስፈልገኝ በመንገድ ስነጫነጭ ሰምቶ ነው።

የዌብ ገደል አፋፍ ላይ ስንደርስ ተንበርክኬ ቁልቁል አየሁ። ከታች ወንዙ ይታያል፣ ከላይ እስከ ታች ድንጋዩ እንደታጠፈ ጋቢ ተደራርቧል። አንዱን በመሮ ፋቅኩና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጨመቅኩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሽሽ አለ፣ ደቃቅ አረፋ ኩፍ ብሎ ወጣ። አደም ፊቴን አይቶ፣ "አህዮቼ ተፈቱ ማለት ነው?" አለኝ። "ግማሽ እግራቸው ተፈታ" አልኩት።

ድንጋይ ስፈነቅል ነው ያችን ያገኘኋት። መዶሻው ሲያርፍ አንዱ ድንጋይ ለሁለት ተከፈለ፤ ከውስጡ ቀንድ አውጣ ወጣ። ቀንድ አውጣው ራሱ ድንጋይ ነው፤ ጥምዝምዙ፣ መስመሩ፣ አፉ ሁሉ ሳይጎድል ድንጋይ ሆኗል። ጠርቤ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ አድርጎ የሚጠርብ እጅ አላየሁም። ደግሞስ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ማን ይጠርባል? አደም ግን አልተገረመም። "እዚህ ሞልቷል። ይህ ሁሉ ውሃ ነበረ፣ አያቶቻችን ይላሉ" አለኝ። ቀና ብዬ ገደሉን አየሁ፤ ከወንዙ እስከ እኔ ድረስ ያለው ከፍታ ያዞራል። ያን ያህል ውሃ ማሰብ አቃተኝ። ቀንድ አውጣዋን በመቀነቴ ቋጠርኳት፣ ለአስካለ።

እቶኑን እዚያው ከተዳፋቱ ላይ ቆፍረን ደረቅ ግራር እየማገድን ቀንና ሌሊት አነደድን። እሳቱ በርዶ ስከፍተው ድንጋዩ ያው ነጭ ድንጋይ ነው። አደም ተስፋ ቆርጦ፣ "ድንጋይ ከተትን፣ ድንጋይ አወጣን" አለ። "አንሣው" አልኩት። ሲያነሣው እጁ ሽቅብ በረረ፣ ክብደቱን ጥሏል። በመጣንበት ሁሉ የሱን ዕውቀት ስከተል ቆይቼ እዚህ ላይ ተራዬ ደረሰና ትንሽ ተኮፈስኩ። "እሳቱ ያለውን ሁሉ ወስዶበታል። አሁን ውሃ ጠምቶታል። ውሃ ካገኘ ደግሞ ያብዳል፤ ጎባ ሳንደርስ ጠብታ እንዳይነካው።"

ይህን ያልኩት የባሌን ሰማይ ረስቼ ነው። ዳገቱን ጀምረን ወደ ሮቤ ሜዳ ስንቃረብ ተራራው በደመና ተሸፈነ። በፊታችን ያለውን ትንሽ ወንዝ ቶሎ እንሻገር ብለን አህዮቹን ነዳን። መሪዋ አህያ መሀል ላይ አንሸራተታት፣ የአንድ ጎን አቁማዳዋ ውሃ ነካ። ወዲያው ጭስ ወጣ። አህያዋ ጮኻ ስትራገጥ ሌሎቹ ደነበሩ። እኔ አቁማዳውን ለማዳን ዘልዬ ያዝኩት፤ መዳፌን ለበለበኝ፣ ጠባሳው ዛሬም አለ። አደም ግን ካራውን መዝዞ ገመዱን በጠሰውና ጭነቱን በእርግጫ ወደ ወንዙ ገፋው። ውሃው ተፍለቀለቀ።

"ኖራዬን" አልኩት።

"አህያዬን" አለኝ።

ዝናቡ ጀመረ። መሀል ሜዳ ላይ ነን። አደም ምንም ሳይናገር ጋቢውን አውልቆ በጭነቱ ላይ ጣለ፣ እኔም የኔን ጣልኩ፤ የምንተኛበትን ቁርበት ጨመርንበት። ራቁት ትከሻችንን ዝናብ እየደበደበን አህዮቹን ወደ አንድ የጥቁር ድንጋይ ጥላ ሥር ሰበሰብን። ጉብ ብሎ ወደ ፊት የወጣ አለት ነው። ያ መዶሻዬን የሚመልስ የጎባ ጥቁር ድንጋይ ለነጩ ጣሪያ ሆነለት። ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ተደግፈን ቆምን።

"ሞተን ብናድር ማን ያስታውሰናል?" አልኩት።

"አስካለ የምትላት ታለቅሳለች።"

"ለእርስዎስ?"

"አህዮቹ" አለና ሳቀ። የአሁኑ ሳቅ የሆድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ አደም ነው የምላቸው፣ በኦሮምኛ ጋሼ እንደማለት ነው። ታላቄ ናቸው፤ መጀመሪያውኑም እንደዚያ መባል ይገባቸው ነበር።

ጎባ ስንገባ ለበዓሉ ሁለት ቀን ቀርቷል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ጉድጓድ ቆፍሬ ኖራውን ገለበጥኩ። ሰፈሩ ሁሉ መጣ፤ ያ ነፍጠኛም ከፊት ቆሟል። ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያያሉ። ውሃ ጠየቅኩ። ገንቦዋን ይዛ የመጣችው አስካለ ናት። ቀስ አድርጋ አፈሰሰች።

ምንም የለም።

ውሃው ሰረገ፣ ድንጋዩ ዝም አለ። ነፍጠኛው፣ "ይኸው ደግሞ አፈሰሰ" አለ፣ ሰዉ ሳቀ። እኔ ኖራ ዘግይቶ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ግን እንደዚያ ጊዜ ዕውቀቴን ተጠራጥሬ አላውቅም። ምናልባት እሳቱ አንሶት ይሆን? ምናልባት ዝናቡ አግኝቶት ይሆን? ኦቦ አደም አህዮቻቸውን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አስካለ አየችኝ፣ ከዚያ ድንጋዩን አየችና የቀረውን ውሃ ሁሉ ገለበጠችበት።

ቋ አለ አንዱ። ተሰነጠቀ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ጉድጓዱ ጮኸ፣ እንፋሎት ተትጎለጎለ፣ ነጩ ነገር እንደ ገንፎ መንተክተክ ጀመረ። እንጨት የለ፣ እሳት የለ። እኔ በደስታ ልጮኽ አፌን ስከፍት ሰዉ ወደ ኋላ ሲሸሽ አየሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ሸፈኑ።

"ድንጋይ በውሃ አቃጠለ" አለ አንዱ። "ጠይብ ነው አላልኳችሁም?" አለ ሌላው።

ቄሰ ገበዙ አማተቡ። "ይህ ነገር ቤተ መቅደስ አይነካም" አሉ። ከዚያ አስካለን በክንዷ ይዘው ሳቧት።

ባይሆንልኝ ይሻል ነበር። ሳይሆንልኝ ሲቀር ሳቁብኝ፤ ሲሆንልኝ ጠንቋይ ሆንኩ። ኦቦ አደም ሊያድኑኝ ወደ ፊት ወጡና፣ "ቄስ፣ ጥንቆላ አይደለም። ድሬ ሼህ ሁሴንም የሚቀባው በዚሁ ነው" አሉ።

ቄሰ ገበዙ ይባስ ቀሉ። "እንግዲያማ የእስላም ኖራ ነው በሉኛ!"

ኦቦ አደም ወደ እኔ ዞረው ትከሻቸውን ነቀነቁ። እኔ መቀነቴን ፈታሁ። ያችን ቀንድ አውጣ አውጥቼ በተቃጠለ መዳፌ ላይ ዘረጋሁላቸው። "አባ፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ይህ ነው። ጥንቆላ ካለበት ይዩት።"

ሊቀበሉኝ አልፈለጉም፤ ዓይናቸው ግን ከድንጋዩ አልነቀል አለ። ተቀበሉኝ። አገላበጡት፣ ጥፍራቸውን በጥምዝምዙ ላይ አስኬዱ።

"ከወንዝ ውስጥ ነው ያወጣኸው?"

"ከገደል አፋፍ ነው። ወንዙ ከሥሩ እንደ ክር ነው የሚታየው።"

"ቀንድ አውጣ ገደል አፋፍ ላይ ምን አወጣው?"

ኦቦ አደም ናቸው የመለሱት። "ውሃው ነዋ። ነቢ ኑህ መርከብ የሠሩ ጊዜ ተራራው ሁሉ ሰጥሞ የለም?"

ቄሰ ገበዙ ቀና አሉ። "ኑህ ያልከው ኖኅን ነው?"

"መርከብ የሠራ ሌላ ሰው አለ?"

ኖራው ይንተከተካል። ቄሰ ገበዙ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጥፋት ውሃን ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ብራና ላይ እንጂ በእጃቸው ይዘውት አያውቁም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አላፈሩበትም። "የተማርኩት ሁሉ እጄ ላይ መጣ" አሉ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ አዩ። "ስለዚህ ነው ውሃ ሲያገኝ እንዲህ የሚሆነው። ተወልዶበታል።" ለኦቦ አደምም ሣሩን መታ መታ አድርገው ቦታ ሰጧቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው መርከቡ የቆመበትን ተራራ ስም ሲከራከሩ ሰዉ ቀስ በቀስ ቀርቦ ጉድጓዱን ማየት ጀመረ።

በመጨረሻ ቄሰ ገበዙ ተነሡ፣ ኖራውን ባረኩ፣ ቀንድ አውጣዋንም ወደ ጉያቸው ከተቱ። "ይህችን እኔ እወስዳለሁ" አሉኝ።

ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ። "አባ፣ እሷን ለሌላ ሰው ነበር ያመጣኋት።"

"ለማን?"

መሬት መሬት አየሁ። አስካለም ገንቦዋን እያየች ነው። ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ፣ የተላጠ መዳፌን አዩ።

"እንግዲያው ያው ቤቴ ነው የምትገባው" አሉ። "ድንጋዩ ከገባ ባለ ድንጋዩ ደጅ አያድርም። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።"

ግድግዳውን በሁለት ቀን ቀባነው። ታቦቱ ሲገባ ፀሐይ ወጣ፣ የጎባ ሰማይ አንዳንዴ ያዝናል። ኦቦ አደም ያን ዕለት ጠዋት አህዮቻቸውን እየነዱ ሄዱ፤ ሜዳው መጀመሪያ ላይ ቆመው ወደ ነጩ ግድግዳ ሲያዩ አይቻቸዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተረፈህ ብትሉኝ እንዲህ እላለሁ። ከዚያ በፊት ድንጋይ ለኔ ወይ ይጠረባል ወይ አይጠረብም፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ግን ከየት መጣህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ጥቁሩ ከእሳት መጣ ይላሉ፣ ነጩ ለስላሳው ከአመድ፣ የዌቡ ከውሃ። ሁለት ነጭ ድንጋይ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ዓይናችሁ አይለያቸውም፤ አንዱ ጭቃ ይሆናል፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ያነጣል። ሰውንም እንደዚያው ማየት ጀመርኩ፤ ሎሚ ሳልጨምቅበት "ይህ እንዲህ ነው" አልልም። እኔን ጠይብ ብለው የሸሹኝ ሰዎች ዛሬ የልጆቼ አበ ልጆች ናቸው። አልቀየምኳቸውም፤ እኔም ያን ጨው ነጋዴ "አንተ ምን ታውቃለህ" ብዬው ነበር።

ኦቦ አደም ካረፉ ቆይተዋል። አምላክ ጤና እስከሰጠኝ ድረስ በየዓመቱ ጎሮ ወርጄ መቃብራቸውን በኖራ እቀባለሁ። ልጆቻቸው ወተት ያጠጡኛል፣ ስወጣ ሎሚ ያስይዙኛል።

ቀንድ አውጣዋን ከቄሰ ገበዙ ወርሰናት ዛሬ ከቤታችን መስኮት ሥር ተቀምጣለች። የልጅ ልጆቻችን አንሥተው፣ "አያታችን ሲያጩሽ ያመጡልሽ ይህን ነው?" ብለው ሲጠይቁ አስካለ እንዲህ ትላቸዋለች፦ "እሱ ያመጣልኝ ድንጋይ ነው። ውሃውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ።"